ወደ ደሴቷ ማርያም የወሰድኩት ጃንጥላ

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ሄድኩ። እንደ ልማዴ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሬ፣ በመጨረሻ ከኦሎምፒክ ጎዳና ማዶ አቁሜ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ሱቁ ደጃፍ ደረስኩ። በሩ ላይ ባልዲ ሙሉ እርጥብ በሶብላ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ከዚያ በኋላ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋኝ። ባለሱቋ ልጅ፣ "እትዬ ወርቅነሽ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የገባው፣ ፍሬሽ ነው፤ ልጠቅልልልሽ?" አለችኝ። የዘንድሮ ልጆች አንቱታውን ትተውታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ፤ እትዬ ካሉኝ ይበቃኛል። "ቆይ የኔ ልጅ፣ ግሪክ አገር ደርሼ ልምጣ" አልኳት። "ቫኬሽን ልትሄጂ ነው?" አለች። "ሄጄ መጥቻለሁ፤ ያኔ አንቺ አልተወለድሽም።" ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ስለነበር አላስጨረሰችኝም። ለእናንተ ግን ልጨርስላችሁ።

ያኔ ፌርፋክስ ላይ አንድም የአማርኛ ጽሑፍ አልነበረም። ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ በምንለው አካባቢ የይሁዲ ሽማግሌዎች ጋዜጣቸውን ዘርግተው ሲከራከሩ ይውሉ ነበር፤ የዳቦ ቤቱ ሽታ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሸኛችኋል። እኔና ባለቤቴ መስፍን ከጥጉ ሁለተኛው ሕንፃ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት በወር መቶ አርባ አምስት ዶላር ተከራይተን እንኖር ነበር። መስፍን ቀን ጋርዴና ከተማ የአውሮፕላን ብሎን የሚሠራ ፋብሪካ ይሠራል፣ ማታ ይማራል። እኔ ፓሳዴና ሆስፒታል ነርስ ነኝ። በአራት መቶ ሃምሳ ዶላር የገዛናት ሰማያዊ ቮልስዋገን ነበረችን፤ ዳገት ስታይ እንደ አህያ ታንገራግራለች። ቤንዚን ጋሎኑ ሃምሳ ስድስት ሳንቲም ገባ ብለን ጉድ ያልንበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ለልጆች ስነግራቸው የምዋሻቸው ይመስላቸዋል። መስፍን አፍሮውን አጎፍሮ፣ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻው ላይ ተዘርግቶ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ያዩታል። የኔም ጫማ ሶሉ አራት ጣት ነበር። በዚያ ጫማ ነው ደረጃውን የምሮጠው፤ ዛሬ በሸራ ጫማ እንኳ መደገፊያውን ይዤ ነው የምወርደው። ቆንጆ ነበርን ብል ጉራ አይደለም፤ የሚመሰክርልኝ ፎቶግራፍ አለ።

ቆንጆ ብንሆንም ቤታችን ልጅ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጸነስኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አምስተኛው ወር ላይ ተጨናገፈ። እንዲህ ያለው ሐዘን ድንኳን አይጣልለት፣ ሰው አይጠራለት፤ ሰኞ ዩኒፎርሜን ለብሼ የሌላ ሰው ልጅ ስታቀፍ እውል ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ ለማንም ሳልናገር፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ለእመቤታችን ተሳልኩ። "ይሄን አምስተኛ ወር ብቻ አሻግሪልኝ። ካሻገርሽልኝ በፍልሰታሽ ዕለት፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ደጅሽ ድረስ ጃንጥላ በእጄ ይዤ እመጣለሁ" አልኳት። ለታቦት ጃንጥላ መሳል ለኛ አዲስ አይደለም፤ ከፋይ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ዘርፍ፣ ታቦቱ ሲወጣ ከላይ የሚያዝ። ስሳል ግን አንድ ነገር ዘንግቻለሁ። የትኛው ደጅ? ሎስ አንጀለስ ያኔ የኛ ቤተክርስቲያን የለም። አገር ቤት ደግሞ በዚያን ዓመት የሚሄዱበት አልነበረም፤ የአብዮቱን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል። አምስተኛው ወር አልፎ ስድስተኛው ሲገባ ለመስፍን ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሻማ ብትሳይ ምን ነበረበት ወርቄ? ሻማ እኮ ሱፐርማርኬት ይሸጣል!"

መንገዱን ግን ገና በሦስተኛው ወሬ ካሊዮፒ ከፍታልኝ ነበር። ሆስፒታሉ ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ክንዷ የወፈረ፣ ሳቋ ሦስት ፎቅ የሚያቋርጥ ግሪካዊት ነበረች። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ ያለበትን ሳህን ስመልስ አይታ፣ አንድ ቀን "ኦርቶዶክስ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። ነኝ ስላት እላዬ ላይ ዘላ አቀፈችኝ። "እኛም ኦገስት ላይ ለፓናጊያ ሁለት ሳምንት እንጾማለን!" ፓናጊያ የሚሏት እመቤታችንን ነው። "እኛም ሁለት ሳምንት! እኛም ኦገስት!" ብዬ ጮህኩ። የምትልጠውን ድንች ትታ የተወለደችበትን ደሴት ፎቶግራፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ፖስታ ካርድ ላይ የምናየው ነጭ ቤትና ራቁት ድንጋይ አይደለም፤ ከባሕሩ ጠርዝ እስከ ተራራው አናት ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ አንዲት መንደር እንደ ጎጆ ተሸጉጣለች። ሆቴል የለ፣ ቱሪስት የለ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ መርከብ ይመጣል። "እናቴ ቤት ታርፋላችሁ። የፓናጊያ በዓል ላይ ድረሱ ብቻ" አለችኝ። እሷ ለወንድሟ ሠርግ ቀደም ብላ በጁን ሄደች። እኔም ለመስፍን ከነገርኩት በኋላ "ለበዓሉ እንደርሳለን" ብዬ ጻፍኩላት፤ "እጠብቃችኋለሁ" ብላ መለሰች። ሐኪሜም ፊቱን ጨምደድ አድርጎ፣ ከባድ ዕቃ ካላነሳሽ ሂጂ አለኝ። ጃንጥላው ምን እንደሚመዝን አልነገርኩትም።

የጃንጥላው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በሎስ አንጀለስ የታቦት ጃንጥላ ከየት ይመጣል? መስፍን አስቦ አስቦ ባሕር ዳር ካለ ሱቅ፣ ሰው አሸዋ ላይ ተክሎት ከሥሩ የሚተኛበትን ትልቅ ጃንጥላ በሰባት ዶላር ገዝቶ መጣ። ብርቱካንማና ነጭ መስመር ያለው፣ ጫፉ ላይ የለስላሳ ማስታወቂያ የታተመበት። ልብሱን ገፈን አጥንቱን ብቻ አስቀረን። ዳውንታውን ሄጄ ቀይ ከፋይ በያርድ ሁለት ዶላር ከሃያ ተከራክሬ ገዛሁ፤ ዘርፉን የሳሎን መጋረጃ ከሚሸጥበት ቤት አገኘሁት። ከታች የምትኖረው ባልቴት ሟች ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን ሳሎኗ ውስጥ አቧራ ሳታስነካ እንዳስቀመጠችው ነው። ምን እንደምሰፋ ስነግራት ተነሥታ መኪናውን ዘይት ቀባችው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ሆዴን ከመኪናው ጠርዝ እያሸሸሁ ስምንቱን ቁራጭ ገጣጠምኩ። በመጨረሻ መኝታ ቤታችን ውስጥ ልንከፍተው ብንል ጣራው አላስከፍት አለ። በመስኮት በኩል ወደ ውጭ አውጥተን ከፈትነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩ፤ አንዱ ባርኔጣውን አነሣ። እኔ በደስታ አለቀስኩ፤ መስፍን "እንዳይወድቅ ያዢው እንጂ!" ይላል።

ቫኬሽን የሚባለውን ነገር በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣነው ያኔ ነው። መስፍን አዲስ የፀሐይ መነጽር ገዝቷል፣ አጭር ሱሪ ገዝቷል፤ ጾሙን ሲያስታውስ ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል። "ሶ፣ ቫኬሽን ነው የምንሄደው ወይስ ሱባኤ?" ይለኛል። "ሁለቱም።" "ነፍሰ ጡር እኮ አትጾምም፣ ቄስ ጠይቂ!" "ሥጋና ወተት ብቻ ነው የተውኩት፣ ምሳዬን አልተውኩም፤ አንተስ ማን ጹም አለህ?" "አንቺ እየጾምሽ እኔ ልብላ?" ብሎ ደግሞ ይቆጣል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። ኤርፖርት ላይ ጃንጥላውን በአንሶላ ጠቅልለን ስናስመዝን ሠራተኛው ጫፉን ገለጥ አድርጎ አየና አዘነልን። "ግሪክ ባሕር ዳር እኮ ጃንጥላ በርካሽ ይከራያል፣ ምን አደከማችሁ?" አለን።

ሁለት አውሮፕላን፣ አንድ አውቶቡስ፣ በመጨረሻም ግማሽ ቀን በመርከብ። ደሴቷ ገና ሳትታይ ሽታዋ መጣ፤ የጥድ ሙጫና የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ አረንጓዴው ከውሃው ብድግ አለ። "መስፍን! መስፍን!" እያልኩ እጁን አደማሁት። ወደቡ ላይ በየቤቱ ደጃፍ፣ በየዘይት ቆርቆሮው በሶብላ ተተክሏል፤ ነፋሱ ሲነካው መንገዱ ሁሉ የእናቴ ጓዳ ይሸታል። ካሊዮፒ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ጠበቀችን። አልሳቀችም። "የት ነበራችሁ? ሙሉ ቀን መርከብ ስጠብቅ ዋልኩ! በዓሉ ካለፈ እኮ አራት ቀኑ ነው!"

ቆሜ ቀረሁ። እሷ ሁለት ሳምንት ስትል እኔም ሁለት ሳምንት፣ እሷ ኦገስት ስትል እኔም ኦገስት፤ ቀኑን ግን ማንም ማንን አልጠየቀም። የነሱ በዓል በኦገስት አሥራ አምስት ይውላል፤ የኛ ነሐሴ አሥራ ስድስት በፈረንጅ ኦገስት ሃያ ሁለት ነው። በሁለት ዘመን አቆጣጠር ያደግን ሰዎች፣ ደብዳቤ ላይ ቀን በጻፍን ቁጥር በሁለቱም የምናሰላ ሰዎች፣ እመቤታችን ለሁሉም ያው በአንድ ቀን ታርጋለች ብለን ነው ዓለምን ያቋረጥነው። እኔ እንባዬ ሲመጣ መስፍን ወደ ካሊዮፒ ዞሮ፣ "ቆይ፣ እዚህ ጾሙ አልቋል ማለት ነው?" አላት። አሁንም ድረስ ለዚያች ጥያቄ ይቅርታ አላደረግኩለትም።

የካሊዮፒ እናት ኪራ ደስፒና ትባላለች፤ ኪራ እንደኛ እመት ማለት ነው። ጥቁር ለብሳ፣ ጥርስ አልባ ድዷ በሳቅ ተገልጦ ተቀበለችን። ገበታው ላይ አይብ የተጠቀለለበት ጥብስ ቂጣና ሙሉ የበግ እግር ተቀምጧል። አልበላም ስል ፊቷ ወደቀ፤ ካሊዮፒ ስታስረዳት ደግሞ በራ። "ገና እየጾመች ነው? ኧረ የኔ ልጅ! በይ ተዪው፣ የጾም ነገር አለኝ" ብላ ወደ ማድቤት ሮጣ በትልቅ ሳህን ይዛ መጣች። ብድግ ብዬ ግድግዳው ጋ ደረስኩ። ስምንት እግር ያለው የባሕር አውሬ፣ እግሩ በሙሉ ጡት ጡት ያወጣ፣ ከነጠመዝማዛው ቀይ ወጥ ውስጥ ተኝቷል። ደም የለውምና የጾም ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ እንኳን በጾም በፍስክም የሚነካ አይደለም! ኪራ ደስፒና ሹካዋን እንደዘረጋች እኔን ታያለች፣ እኔ መስፍንን አያለሁ። መስፍን አስቀድሞ ከበጉ አንስቶ ነበር፤ አላየሁም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እኔ ባሚያ በቲማቲም፣ ባቄላ፣ የወይራ ፍሬ፣ እንጀራ የሚያስንቅ ዳቦ በላሁ። ማግስቱን ከአንዱ ቆርቆሮ በሶብላ ቀንጥሼ የሠራሁት ምስር ወጥ ውስጥ ብጨምር ደግሞ ኪራ ደስፒና ጮኸች፤ እነሱ በሶብላን ያሸቱታል፣ ጸበል ይረጩበታል እንጂ አይበሉትም። የሷን አውሬ እኔ፣ የኔን በሶብላ እሷ እያማተብንበት ሰነበትን።

በነጋታው ጃንጥላውን ይዘን ወደ ትልቁ ቤተክርስቲያን ሄድን። ካህኑ ፓፓ ያኒስ ወገቡ የጎበጠ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሽማግሌ ነበር። በትዕግሥት አዳመጠን። ከዚያ ጃንጥላውን ዳሰሰው፣ ዘርፉን በጣቱ ቆጠረና በለዘበ ድምፅ ተናገረ። ካሊዮፒ መሬት መሬት እያየች ተረጎመችልኝ። "በዓሉ አልፏል ልጄ። በእኛ ሥርዓትም ጃንጥላ የሚያዝበት ቦታ የለም። ካስጨነቀሽ ተዪው፣ ዕቃ ቤት አስቀምጠዋለሁ።" ዕቃ ቤት! ከመጥረጊያና ከአሮጌ ወንበር ጋር! አመስግኜ እጁን ተሳልሜ ጃንጥላዬን መልሼ ጠቀለልኩ። ልወጣ ስል የእመቤታችንን ሥዕል አየሁት። ከሥሩ በገመድ የተንጠለጠሉ ትናንሽ የብር ቅጠሎች አሉ፤ በአንዱ ላይ እግር፣ በአንዱ ላይ ዓይን፣ በአንዱ ላይ ልብ ተቀርጿል። አብዛኛዎቹ ላይ ግን የታቀፈ ሕፃን ነው ያለው። ስንት ሴት እዚህ ቆማ እንደኔ ለምና ይሆን ብዬ አንዱን በጣቴ ነካሁት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ አልተንቀሳቀሰም። ነርስ ነኝ፤ አንዳንዴ እንደሚተኛ፣ መንገድም እንደሚያደክመው አውቃለሁ። ለሌላ ሴት ቢሆን ይህንኑ ነበር የምነግራት። ለራሴ ግን አልሠራልኝም፤ ስለቴን ካላስገባሁ ይሄም ይወሰድብኛል ብዬ ፈራሁ። ለመስፍን ስነግረው ፍሬሽ አየር ያስፈልግሻል ብሎ እጄን ይዞ አወጣኝ፤ መዳፉ ግን በላብ ርሶ ነበር።

የወጣንበት ቦታ ደግሞ ሰው ፈርቶ የሚቆይበት አልነበረም። ከመንደሩ በላይ ምንጮች አሉ፤ ውሃው ጥርስ ያቆረፍዳል። ግንዱን አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበው ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ መስፍን በሁለተኛው ቀን ከነሱ ጋር ተቀምጦ፣ በማይገባው ቋንቋ ይከራከር ጀመር። በለስ በአንድ ሳንቲም ቅርጫት ሙሉ ይሰጣሉ፤ ሳንቲሙን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመልሱታል። ባሕሩ ጥጉ ድረስ በጥድ ጥላ የተከለለ ነው። ዋና አላውቅም፤ ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ፣ ከዚያ እስከ ወገቤ፣ ከዚያ ማን ያየኛል ብዬ እስከ አንገቴ ገባሁ። ውሃው ሆዴን ብድግ አድርጎ ያዘልኝ። ስድስት ወር የተሸከምኩትን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ያሳረፈኝ ያ ባሕር ነው። መስፍን በአዲሱ አጭር ሱሪው፣ መነጽሩን ሳያወልቅ፣ "እዚህ እንቅር ወርቄ! ጋርዴና ምን አለን!" እያለ ይጮኻል። እኔም እስቃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴን አዳምጣለሁ። ጸጥ ብሏል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኪራ ደስፒና ባሚያ ስትቀነጥብ ድንገት ቀና ብላ፣ "ይቺ ልጅ በዓሏ መቼ ነው ያለችው?" ብላ ካሊዮፒን ጠየቀቻት። ኦገስት ሃያ ሁለት፣ ነገ። አሮጊቷ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አንዴ ቆጠረች፣ ደገመች፣ ቢላዋውን ወረወረችና ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። እነዚያ ሰዎች ለካ በዓሏ ከዋለ በዘጠነኛው ቀን እንደገና ያከብሯታል! ኦገስት ሃያ ሦስት፣ ጫካው ውስጥ ባለችው ትንሿ ቤተክርስቲያን። ዋዜማው ደግሞ ነገ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ሥዕሏ ወጥታ ቤተክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ነገ ማለት ነሐሴ አሥራ ስድስት! ኪራ ደስፒናን ከነባሚያዋ አቀፍኳት። ጃንጥላውን ካህኑ አልቀበልም ብሏል እኮ ስላት፣ "እሱ እንኳን ጃንጥላ፣ አምና የኔን ሻማ ወፈረ ብሎ መልሶብኛል፤ አንቺ ይዘሽ ነይ" አለችኝ።

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጫካው ድረስ በአህያ ወጥቼ፣ ጃንጥላዬን እንደጠቀለልኩ ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። ለራሴ የነገርኩት፣ ዝም ብዬ ይዤው እቆማለሁ፣ ከዚያ ደጃፏ ላይ ትቼው እሄዳለሁ ነው። ጸሎቱ አልቆ በሩ ተከፈተና ሁለት ሰዎች ሥዕሏን ተሸክመው ወጡ። የምሽት ፀሐይ ፊት ለፊት ገረፋት። ከላይዋ ምንም የለም! በሕይወቴ ታቦት ያለ ጥላ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እኔ አልወሰንኩም፤ እጄ ነው የወሰነው። አንሶላውን ገፍፌ ጣልኩት፣ ሴቶቹን በክርኔ ገፍቼ ወጣሁ፣ ጃንጥላውን ከፈትኩና ከሥዕሏ በላይ ዘረጋሁት። ቀዩ ከፋይ በዚያ አረንጓዴ መሐል ቦግ አለ። መዝሙሩ ቆመ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፣ ወፍ እንኳ የለም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እኔ ምን አባቴ ላድርግ፣ የማውቀውን አደረግኩ፤ እልልታዬን ለቀቅኩት!

ጫካው መለሰልኝ። አንዲት አሮጊት አማተበች፤ አህዮቹ ጆሯቸውን አቆሙ። መስፍን በኋላ እንደነገረኝ የሚይዘው ጠፍቶት መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከቷል። ፓፓ ያኒስ ቆሞ አየኝ። ሆዴን አየ፣ ቀና ብሎ ዘርፉን አየ። ተቆጥቶ የሚያባርረኝ መስሎኝ የጃንጥላውን እጀታ አጥብቄ ያዝኩ። እሱ ግን በአገጩ ወደፊት አመለከተኝና ያቋረጠውን መዝሙር ከቆመበት አነሣ። ዞርን። በሁለተኛው ዙር ክንዴ ሊገነጠል ሆነ፤ መስፍን ሊያግዘኝ ሲመጣ "አትንካ!" አልኩት። በእጄ ነው ያልኳት፣ በእጄ ይሆናል። በሦስተኛው ዙር፣ ልክ በሩ ጋ ስንደርስ፣ ልጄ በእግሯ ጎኔን መታችኝ። ቀስ ብላም አልነበረም፤ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ሰው እንደሚቆጣ ነው የመታችኝ። ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ ወጣ። ኪራ ደስፒና እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ጮኸች፤ ሴቶቹ ሁሉ እየመጡ ነኩኝ። በመጨረሻ ፓፓ ያኒስ ጃንጥላውን ከእጄ ተቀበለኝና ካሊዮፒን ጠየቃት፤ "መቼ መቼ ነው የሚያዘው?" "በወጣች ቁጥር" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይዞት ገባና ከሥዕሏ አጠገብ አቆመው። ማታ ጾሜን በአይብ ፈታሁ። ያን አይብ ምን ብዬ ልንገራችሁ!

ልጄ ማርያማዊት በቀኗ፣ በሰላም፣ እየጮኸች ተወለደች፤ እስከ ዛሬም ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ከካሊዮፒ ቤተሰብ ጋር ለብዙ ዓመት እንጻጻፍ ነበር፣ ከዚያ ኪራ ደስፒና አረፈች፣ ካሊዮፒም ጡረታ ወጥታ አቴና ገባች፣ ደብዳቤውም ቀረ። ወደ ደሴቷ ተመልሰን አልሄድንም፤ በየዓመቱ ዘንድሮ እንሄዳለን እንባባላለን፣ በየዓመቱ አንድ ነገር ይመጣል። አምና ግን ማርያማዊት ልትሄድ ተነሣች። ሁለቱን ካሌንደር ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ ሰጠኋት።

የደወለችው እዚህ ጠዋት፣ እዚያ ምሽት ነው። ከኋላዋ መዝሙር ይሰማል። "ማሚ፣ ጃንጥላ አለ!" አለችኝ። መስፍን ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩለት። "ያንቺ ግን አይደለም፣ አዲስ ነው፤ ሰማያዊ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። የያዘውን ሰውዬ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። እንግሊዝኛ ይችላል። ምን አለኝ መሰለሽ? ከጥንት ጀምሮ፣ ከነገሥታቱ ዘመን የመጣ የደሴታችን ሥርዓት ነው፣ ሌላ የትም የለም አለኝ!" መስፍን ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል። "ቆይ አልጨረስኩም" አለች። "ለአንድ ዙር ብቻ ልያዘው ስለው ምን አለኝ፤ ይቅርታ፣ ለእንግዳ አይሰጥም። ለእንግዳ! ልንገረው ማሚ? እናቴ ናት ፌርፋክስ አፓርታማ ውስጥ የሰፋችው ልበለው?"

"አትንገሪው" አልኳት። "ሥር ሥሩ ሂጂ የኔ ልጅ። ጥላው ይበቃሻል።"